የጀራኒየምና የፔቱኒያ ካቲንግ ምርት በቆቃ

የአውሮፓ ጸደይ ሲገባ በረንዳውንና የመናፈሻ መደቡን ከሚሞሉት የጀራኒየም፣ የፔቱኒያና የካሊብራኮዋ አበቦች ብዙዎቹ የሚነሡት ከዘር አይደለም፤ ከእናት ተክል ላይ ከሚቆረጥ ሥር ያላወጣ ለጋ ጫፍ ነው። እርሻዎቹ ካቲንግ ይሉታል። ከአዲስ አበባ 90 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀውና ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ የሆነው የቆቃ አካባቢ ይህ ምርት ከሚካሄድባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ሲንጀንታና ዱመን ኦሬንጅ የተባሉት የአበባ ኩባንያዎች የእናት ተክል እርሻ ያቋቋሙት እዚህ ነው። ወደዚህ የሳባቸው የቀኑ ብርሃን ነው። በታኅሣሥ የሆላንድ ቀን ከ8 ሰዓት ያንሳል፣ ግሪን ሃውሱም መሞቅ አለበት። ቆቃ ግን ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት የሚጠጋ ቀን አለው፤ የፕላስቲክ ቤት ያለ ማሞቂያ ይበቃል።

ጊዜው የሚቆጠረው ከሽያጩ ቀን ወደ ኋላ ነው። ጀራኒየም ከካቲንግ ተነሥቶ አበባ እስኪያወጣ 12 ሳምንት ያህል ስለሚፈልግ፣ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ገበያ የሚወጣው ተክል ጥር አጋማሽ ላይ ከቆቃ መነሣት አለበት። እናት ተክሉ ደግሞ ጫፉ እየተቀነጠሰ ቅርንጫፍ አብዝቶ ለቆረጣ እስኪደርስ 3 ወርና ከዚያ በላይ ይወስዳል። በክረምቱ ያልተተከለ እናት ተክል ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ለሚመጣው ትልቁ ትእዛዝ አይደርስም፤ ማዳበሪያ በመጨመርም አይካካስም።

ተክሉ የእርሻውን አፈር አይነካም። የሚያድገው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በስምጥ ሸለቆ እንደ ልብ በሚገኘው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር (ሬድ አሽ) ወይም በኮኮ ፒት (የኮኮናት ልጣጭ ፍርፋሪ) ውስጥ ነው። ውሃና ማዳበሪያ በጠብታ መስኖ ይደርሰዋል። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ባይካርቦኔት የተባለ ጨው ይበዛበትና ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል) ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ በአሲድ ይወርዳል፤ ስሕተት የሚበዛውም እዚህ ላይ ነው። ፔቱኒያና ካሊብራኮዋ ከ5.5 እስከ 6.0 ይወዳሉ። ከ6.5 ካለፈ ብረት መውሰድ ያቅታቸውና የለጋው ቅጠል ጅማት አረንጓዴ እንደሆነ መሐሉ ቢጫ ይሆናል። ጀራኒየም ግን ብረትና ማንጋኒዝን አብዝቶ የሚስብ ተክል ነው፤ ፒኤቹ ከ5.8 በታች ሲወርድ የታችኞቹ ቅጠሎች በጥቃቅን ቡናማ ነጠብጣብ ይሸፈናሉ፣ ጠርዛቸውም ይቃጠላል። ስለዚህ ሁለቱ የየራሳቸው የመስኖ መስመር ሊኖራቸው ይገባል።

ከሁሉ የከፋው ጠላት ራልስቶኒያ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ድንችንና ቲማቲምን የሚያጠወልገው አንዱ ዝርያው ጀራኒየም ውስጥ ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊቆይና ከካቲንጉ ጋር ውቅያኖስ ሊሻገር ይችላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ከኬንያ፣ በ2020 ደግሞ ከጓቲማላ ወደ አሜሪካ በገባ ጀራኒየም ላይ ተገኝቷል። ባክቴሪያው በውሃ፣ በአፈርና በእጅ ይተላለፋል፤ የቆቃ ዙሪያ ደግሞ ቲማቲም በብዛት የሚመረትበት ነው። እንግዲህ ጥንቃቄው የቅንጦት አይደለም፦ የመስኖ ውሃ ይታከማል፣ ከአንዱ ፖት የፈሰሰ ውሃ ሌላው ሥር አይደርስም፣ ሠራተኛው በበሩ ላይ ልብስና ጫማ ይቀይራል፣ እጁን ይታጠባል፣ ከተመደበበት ቤት ወደ ሌላ ቤት አይሄድም። ቲማቲምና ድንች ወደ ግሪን ሃውሱ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ከየመደቡ ናሙና ተወስዶ በላቦራቶሪ ይመረመራል፤ እናት ተክሎቹም በየዓመቱ ተነቅለው በንጹሕ ይተካሉ። ነጭ ዝንብንና ትሪፕስ የተባለውን ጥቃቅን ተባይ መረቡ ያግዳቸዋል፤ ያመለጡት በቢጫና በሰማያዊ ማጣበቂያ ወረቀት ይቆጠራሉ።

ቆረጣው የሚጀመረው ማለዳ፣ ተክሉ ውሃ እንደጠገበ ነው። የጀራኒየም ካቲንግ ርዝመት ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ የፔቱኒያ ያንሳል። ቆራጩ ከታች አንድ ሁለት ቅጠል ይተዋል፤ አዲሱ ቡቃያ የሚወጣው ከዚያ ቅጠል ብብት ነውና። ቢላዋ በየመደቡ በፀረ ተሕዋስያን ይነከራል ወይም ይለወጣል። ርዝመቱን እኩል ማድረግ ቀላል የሚመስል ሥራ ነው፤ ነገር ግን ረጅምና አጭር ተቀላቅለው ከሄዱ ሥር ሲይዙም ሲያድጉም ይበላለጣሉ፣ ተቀባዩም ትሪውን እንደገና ለመለየት ይገደዳል።

ካቲንጉ ብዙውን ጊዜ መቶ መቶው በከረጢት ተደርጎ ወዲያው ወደ ቀዝቃዛ ክፍል ይገባል። ለጀራኒየም ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ይስማማዋል፤ ኮሊየስ የተባለው ባለ ቀለም ቅጠል ተክል ግን ከ10 በታች ይጎዳል። ከዚያ በማቀዝቀዣ መኪና ወደ ቦሌ፣ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይሄዳል። በመንገድ ላይ ሙቀት ከገባ ካቲንጉ ያከማቸውን ስኳር በፍጥነት ያቃጥላል፤ ጭጋግ ይዞ የታሸገ ከረጢት ደግሞ ግራጫ ሻጋታ ያበቅላል። የሻገተው ቅጠል ኤትሊን የተባለውን ጋዝ ሲለቅ ጎረቤቱም ቢጫ ይሆናል። ጤነኛው በደረሰበት ዕለት ተተክሎ፣ ሥሩ ከ20 እስከ 22 ዲግሪ እየሞቀ፣ ከላይ በውሃ ጉም ሲረጥብ በ2 ሳምንት ገደማ ሥር ማውጣት ይጀምራል።