«ባክ ቱ ዘ ፊውቸር»፦ በድጋሚ ሲታይ ይበልጥ የሚገለጥ ፊልም

«ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» ሮበርት ዜሜኪስ ከቦብ ጌል ጋር ጽፎ ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በጁላይ 3 ቀን 1985 በአሜሪካ ለእይታ የበቃ የሳይንስ ልብ ወለድ፣ የጀብዱና የኮሜዲ ፊልም ነው። ማርቲ ማክፍላይ የተባለው ወጣት፣ ሳይንቲስቱ ዶክተር ኤሜት ብራውን ዴሎሪያን በተሰኘች መኪና ላይ በገጠሙት የጊዜ መጓጓዣ ሳያስበው ወደ 1955 ይሄዳል፤ እዚያም ገና ተማሪ የሆነችው እናቱ በአባቱ ፈንታ እሱን በመውደዷ የራሱ መወለድ አጠራጣሪ ይሆናል።

የታሪኩ ሐሳብ የመጣው ጌል የአባቱን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዓመታዊ መጽሔት ሲያገላብጥ፣ በአንድ ዘመን ተማሪዎች ቢሆኑ ኖሮ ጓደኛሞች ይሆኑ እንደነበር ራሱን በጠየቀ ጊዜ ነው። ጽሑፉን ብዙ ስቱዲዮዎች አልተቀበሉትም። በቀደሙት ረቂቆች የጊዜ መጓጓዣው ማቀዝቀዣ ነበር፤ ሕፃናት ፊልሙን አይተው ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዳይገቡ በመሥጋት በመኪና ተተካ። ቀረጻው የተጀመረው በኤሪክ ስቶልትዝ መሪ ተዋናይነት ሲሆን፣ ከሳምንታት በኋላ ቦታው ለማይክል ጄ. ፎክስ ተሰጠ፤ ፎክስም ቀን የቴሌቪዥን ድራማውን፣ ሌሊት ፊልሙን ይሠራ ነበር።

ፊልሙን ደጋግሞ ለሚያይ ሰው ትልቁ ሀብት የጽሑፉ ጥንቃቄ ነው፤ መጀመሪያ ላይ እንደ ቀላል የታለፈው ሁሉ ኋላ ሥራ አለው። ማርቲ ከፍቅረኛው ከጄኒፈር ጋር አደባባይ ላይ ሳለ፣ የሰዓቱን ማማ ለመታደግ ገንዘብ የምታሰባስብ ሴት በራሪ ወረቀት ትሰጠዋለች፤ ወረቀቱ መብረቅ ማማውን እንደመታው ያወሳል። ማርቲ ወረቀቱን ሳይጥል የሚይዘው ጄኒፈር በጀርባው ስልክ ቁጥር ስለጻፈችለት ነው። በ1955 ግን መኪናዋን የሚያስነሣ 1.21 ጊጋዋት ኃይል ከየትም አይገኝም በተባለበት ሰዓት፣ መብረቁ ኖቬምበር 12 ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ላይ እንደሚወርድ የሚታወቀው ከዚሁ ወረቀት ነው። በሌላ ስፍራ ማርቲ ወደ ድሮው ዘመን እንደደረሰ ከሁለት የጥድ ችግኞች አንዱን በመኪናው ይጨፈልቃል፤ ሲመለስም «መንታ ጥዶች» ይባል የነበረው የገበያ ማዕከል «ብቸኛ ጥድ» ተብሏል። ስለዚህ ለውጥ ማንም አንድ ቃል አይናገርም፤ ለተመልካቹ ዓይን ብቻ የተተወ ነው።

እንከን የለውም ማለት አይቻልም። ማርቲ በዳንሱ ምሽት የቸክ ቤሪን ዘፈን ሲጫወት፣ አንድ ጥቁር ሙዚቀኛ የፈጠረውን ድምፅ ከነጭ ወጣት የሰማው ተደርጎ መቅረቡ ዛሬ ሲታይ ይከብዳል፤ በቤሪ ላይም ፍትሐዊ አይደለም። ዶክተር ብራውንን የሚያጠቁት የሊቢያ ታጣቂዎችም ከማስፈራሪያነት የዘለለ ሰብእና አልተሰጣቸውም።

ፊልሙ በ1985 ከፍተኛውን የገበያ ገቢ አስገኝቷል፤ በድምፅ ማሳመሪያ ቅንብር የኦስካር ሽልማት አግኝቷል፤ በ2007ም በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ሰፍሯል። በ1989 እና በ1990 የወጡት ተከታይ ክፍሎች ግን ከመነሻው የታሰቡ አልነበሩም። በመጨረሻው ትዕይንት የምትበረው መኪና እንደ ቀልድ የገባች ነበረች፤ ዜሜኪስም ተከታይ እንደሚሠራ ቢያውቅ ኖሮ ጄኒፈርን መኪናዋ ውስጥ እንደማያስገባት ተናግሯል።