«ትምህርት ካልገባው እርሻ ይግባ» እና ሌሎች የሰለቹኝ ወሬዎች

ስፔሻል ኒድስ (ልዩ ፍላጎት) ያላቸውን ወጣቶች እርሻ ላይ ነው የማስተምረው። ምን እንደምሰራ ስናገር ግማሹ ሰው «ውይ ሲያስደስት፣ ይዝናናሉ በቃ» ይለኛል፣ ግማሹ ደግሞ ከንፈሩን መጠጥ አድርጎ «አዎ፣ ክፍል ውስጥ ካልሆነላቸው እዛ ቢውሉ ይሻላል» ይላል። ሁለቱም የሚሉት ያው አንድ ነው፣ እዛ ትምህርት የለም ነው። እሱ ላይ ብዙ የምለው ስላለኝ እመለስበታለሁ፣ መጀመሪያ ትንንሾቹን ላራግፍ።

«እነሱ እኮ እንስሳ ይወዳሉ።» እነሱ ማን ናቸው? የሚወድ አለ፣ የሚፈራ አለ፣ ምንም የማይመስለው አለ፣ እንደ ማንኛውም ሰው። ድምፅ የሚረብሸውን ልጅ የሚንጫጩ ዶሮዎች መሀል አስገብቶ ማቆም ቅጣት ነው። እሱ ችግኝ ጋር ይሁን፣ ምርት መመዘኛው ጋር ይሁን፣ ስራ ሞልቷል።

«ታዲያ ሁሉም ገበሬ ሊሆኑ ነው?» ኳስ የተጫወተ ሁሉ ክለብ ገባ እንዴ!

«ዊልቸር ላይ ያለ ልጅ እርሻ ምን ይሰራል?» የአትክልቱን መደብ ከፍ አድርጋችሁ ስሩ፣ መሄጃውን ደልድሉ፣ እጀታው ረዘም ያለ መሳሪያ ስጡት። አለቀ።

«አዲስ ፋሽን ነው።» አይደለም። ካርል ኮኒግ የሚባል ኦስትሪያዊ የህፃናት ሐኪም ከናዚዎች ሸሽቶ ስኮትላንድ ገብቶ አበርዲን አጠገብ ካምፕሂል የሚባለውን፣ ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች ከሌሎች ጋር አብረው የሚኖሩበትንና የሚማሩበትን ማህበረሰብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1939 እና 1940 አካባቢ ነው፣ የመሬት ስራ የዛ ኑሮ አካል ነበር። ኔዘርላንድስ ውስጥ ደግሞ ዛሬ እንክብካቤና ስልጠና የሚሰጡ እርሻዎች ከ1,000 በላይ ናቸው። ስለዚህ «አዲስ ነገር አመጣችሁ» የሚለኝ ሰው ለኔ የማይገባኝን ክብር እየሰጠኝ ነው።

«ቆሻሻ ነው፣ ይታመማሉ።» ይሄኛው ላይ አልስቅም፣ ግማሽ እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 እንግሊዝ ውስጥ ለጎብኚ ክፍት የነበረ አንድ እርሻ ላይ ከ90 በላይ ሰዎች ኢ. ኮላይ ኦ157 በሚባለው ባክቴሪያ ታመዋል፣ አብዛኞቹ ትንንሽ ልጆች ናቸው። መፍትሄው ግን ልጁን ቤት መዝጋት አይደለም፣ እጅ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ መታጠብ ነው፣ በተለይ ከመብላት በፊት። ሳኒታይዘር ይዛችሁ የምትመጡ ወላጆች ደግሞ ስሙኝ፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን የተቅማጥ ተውሳክ ሳኒታይዘር አይገድለውም፣ ታጥቦ ነው የሚሄደው። እጁን አፉ ውስጥ የሚከት ልጅ ካለ ደግሞ ለሱ የተለየ ፕላን ያስፈልጋል እንጂ «ተው» ብሎ መጮህ ፕላን አይደለም። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ አስተማሪዎች፣ በጎች በሚወልዱበት ሰሞን በረት አትግቡ፣ ፅንስ የሚጎዱ ኢንፌክሽኖች አሉ።

አሁን ደግሞ «ፈረስ ኦቲዝምን ያድናል»፣ «ላም ያቀፈ ልጅ አፉን ፈታ» የሚሉ ቪዲዮዎች። ኦቲዝም በሽታ አይደለም እንስሳ የሚያድነው፣ ሰውየው እንዲህ ሆኖ ነው የተፈጠረው። ይሄን ስል ሁልጊዜ ቴምፕል ግራንዲንን ይጠሩብኛል። እሺ እንጥራት። ኦቲዝም ያላት የእንስሳት ሳይንስ ፕሮፌሰር ናት፣ ለከብቶች መያዣና መንጃ በሰራችው ዲዛይን የታወቀች፣ ልጅ ሆና የአክስቷ ከብት እርባታ መሄዷ ህይወቷን ቀይሮታል፣ እውነት ነው። ግን ሰዉ የሚዘለው ክፍል አለ፣ ገና ትንሽ እያለች ጀምሮ የንግግር ትምህርት አግኝታለች፣ በኋላ ደግሞ ለነገሮች ያላትን ጉጉት አይቶ ወደ ሳይንስ የመራት አስተማሪ ነበራት፣ ከዛ ተምራ ተምራ ዶክትሬቷን ያዘች። ኦቲዝሟም የትም አልሄደም። ላሞቹ የምትማርበት ነገር ሰጧት፣ ያስተማሯት ሰዎች ናቸው። በዛ ላይ እሷ አንድ ሰው ናት፣ ኦቲዝም ያለው ሁሉ የከብት ቋንቋ ያውቃል ማለት አይደለም።

እንግዲህ ወደ ዋናው። «ትምህርት ካልገባው እርሻ ይግባ።» ይሄን የሚሉኝ ተራ ሰዎች ብቻ ቢሆኑ አልናደድም ነበር፣ አስተማሪዎች ይላሉ፣ ያውም ልጁ እዛው ቆሞ እየሰማ።

አንድ ልጅ ነበረ፣ 16 ዓመቱ። ክፍል ውስጥ ለዓመታት ከ1 እስከ 20 ሲቆጥር የኖረ ነው፣ ግን ዕቃ ደርድራችሁ አስቆጥራችሁት ሲጨርስ «እሺ፣ ስንት ናቸው?» ስትሉት እንደገና ከ1 ይጀምራል። የመጨረሻው ቁጥር የሁሉም ብዛት ነው የሚለው ነገር አልገባውም ማለት ነው፣ ቁጥሩን የሚያውቀው እንደ መዝሙር ነው። ሪፖርቱ ላይ «ሂሳብ አይችልም» ተብሎ ተፅፏል። እኛ ጋር እንቁላል መሰብሰብ ጀመረ፣ መጀመሪያ 6 በሚይዝ ካርቶን፣ ከዛ 12፣ ከዛ 30 በሚይዘው ትሪ። ካርቶኑ ሲሞላ 6 ነው፣ አንድ ጉድጓድ ባዶ ከሆነ 5 ነው፣ ቁጥሩ አየር ላይ የሚንሳፈፍ ቃል መሆኑ ቀረና እጁ ላይ ያለ ነገር ሆነ። ቀስ ብሎ ደግሞ 30 የሚይዘውን ትሪ አየት አድርጎ «ሁለት ጎደለ፣ 28» ማለት ጀመረ። ተአምር አይደለም፣ ወራት ፈጅቷል፣ ካርቶኑን በቅደም ተከተል የመረጥነው አስበንበት ነው። ዝም ብለን ዶሮ ቤት ብንለቀው ኖሮ እንቁላል ይሰብር ነበር፣ አለቀ።

ሰው የማያየው ይሄን ነው። የከብት ውሃ መጠጫ ገንዳ ማጠብ ለናንተ አንድ ስራ ነው፣ ለኛ ግን የቆየውን ውሃ መድፋት፣ በብሩሽ መፈግፈግ፣ ማለቅለቅ፣ መሙላት፣ ቧንቧ መዝጋት ተብሎ ተከፋፍሎ በስዕል የተለጠፈ ነው። ብዙ ጊዜ የምናስተምረው ደግሞ ከመጨረሻው ነው፣ ሌላውን እኔ እሰራና ቧንቧውን እሱ ይዘጋል። ለምን? ሁልጊዜ ስራውን የጨረሰው እሱ እንዲሆን ነዋ። ቀጥሎ መሙላቱንም ይጨምራል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ወደ ኋላ እስከ መጀመሪያው። እኔ ደግሞ በቃል መንገሩን እቀንሳለሁ፣ መጠቆሙን እቀንሳለሁ፣ መጨረሻ ላይ ራቅ ብዬ እቆማለሁ። አስተማሪ ራቅ ብሎ ቆሞ ስታዩ ስራ ፈትቷል አትበሉ።

ጊዜም እንደዛው ነው። «ከሦስት ሳምንት በኋላ» ምንም ማለት ላይሆንለት የሚችል ልጅ አለ። የዶሮ እንቁላል 21 ቀን ነው የሚታቀፈው፣ በየቀኑ ካሌንደር ላይ አንድ መስመር ይሰርዛል፣ መጨረሻው ላይ የሚንጫጫ ነገር አለ። ዘር ሲሆን መጀመሪያ ራዲሽ (ስሩ የሚበላ ትንሽ አትክልት) ነው የምንሰጠው፣ በወር ገደማ ስለሚደርስ። ለጀማሪ ቡና ትከል ብትሉት ዓመታት ሊጠብቅ ነው።

ደግሞ አንድ ቦታ የተማረውን ሌላ ቦታ ወዲያው ያውቀዋል ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ያ እንቁላል ቆጣሪ ወንበር ቁጠር ሲባል መልሶ ጠፍቶበታል። እሱንም ለብቻው ማስተማር ነው።

ይሄ አመለካከት ጉዳቱ የኔ ክብር ጋር አይቆምም። እርሻ መጣያ ነው ብላችሁ ካመናችሁ እንደ መጣያ የሚሰራ እርሻ ትቀበላላችሁ። አንድ ወጣት ወደኛ ሲመጣ ከነበረበት ቦታ ሁለት ዓመት ሙሉ ፍግ ብቻ ሲያፍስ እንደቆየ ነው የተነገረን፣ ከአካፋ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። ያ የነፃ ጉልበት ነው። ቤተሰቡ ደግሞ «ደህና ይውላል» ብለው ያመሰግኑ ነበር።

ስለዚህ ልጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ጠይቁ። የሱ የራሱ ግብ በፅሁፍ የት አለ? ከሦስት ወር በፊት የማይችለው አሁን የሚችለው ምንድነው፣ ቀጣዩስ? ዝናብ ሲሆን ምን ይሰራሉ? ጫጫታ ሲበዛበት ሄዶ የሚያርፍበት ቦታ አለ? የሚጥል በሽታ ካለው ማሽንና ውሃ አጠገብ ማን አብሮት ይቆማል? ዳውን ሲንድረም ካለው ፈረስ ላይ ከመውጣቱ በፊት የአንገቱን አጥንት ሐኪም ይየው፣ የላላ ሊሆን ስለሚችል ነው፣ ይሄን የማይጠይቃችሁ ቦታ ፈረስ አታስነኩት። ለእንግዳ በተዘጋጀ ቀን አትሂዱ፣ በተራ ቀን ሄዳችሁ እዩ። «እንዴት ነው?» ስትሉ መልሱ ሁልጊዜ «ደስተኛ ነው» ብቻ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ። የቴታነስ ክትባቱን አረጋግጡ፣ መድኃኒቱን ከነማሸጊያው ላኩ፣ ቅያሪ ካልሲ ደግሞ ከአንድ በላይ።