ሜላኖማን በቆዳ ምስል ቀድሞ መለየት፦ በሐረርና በድሬዳዋ

ሜላኖማ ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡት ሕዋሳት የሚነሣ ካንሰር ነው። ከሌሎቹ የቆዳ ካንሰሮች ቁጥሩ ቢያንስም ወደ ሳንባ፣ ጉበትና አንጎል ስለሚዛመት ገዳይነቱ ይከፋል። ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ሳያልፍ ተቆርጦ የወጣላቸው አብዛኞቹ ሰዎች ይድናሉ።

በጥቁር ቆዳ ላይ አዘውትሮ የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ነው፦ በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር። ቦብ ማርሊን እ.ኤ.አ. በ1981 በ36 ዓመቱ የቀጠፈው በእግሩ ጣት ጥፍር ሥር የጀመረ ሜላኖማ ነበር። ስለዚህ ሐረርም ሆነ ድሬዳዋ ውስጥ ጫማና ካልሲ ሳያስወልቁ የሚደረግ የቆዳ ምርመራ ጎዶሎ ነው።

ዋናው መሣሪያ ደርሞስኮፕ ይባላል፤ የራሱ ብርሃን ያለው፣ ቆዳን 10 እጥፍ ያህል የሚያጎላ፣ ከስልክ ካሜራ ጋር የሚገጠም የእጅ መነጽር ነው። የውስጥ እግር ቆዳ እንደ ጣት አሻራ ከፍና ዝቅ ባሉ መስመሮች የተሠራ ነው። ቀለሙ ዝቅ ባለው መስመር ከተኛ ብዙውን ጊዜ ጉዳት የሌለው፣ ማርያም የሳመችው የምንለው ዓይነት ምልክት ነው። ከፍ ባለው መስመር ላይ ከተዘረጋ ግን ሜላኖማ ይጠረጠራል። ይህን ልዩነት በሰፊው ያጠኑት የጃፓን ሐኪሞች ናቸው፤ እዚያም በሽታው እግር ላይ ይበዛል።

ጥፍር ላይ በቁመት የሚወርድ ጥቁር መስመር በብዙ ጣቶች ከታየ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። በአንድ ጣት ብቻ ወጥቶ ከሰፋ ወይም ቀለሙ ወደ ጥፍሩ ዙሪያ ቆዳ ከዘለቀ ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል። እንቅፋት የቋጠረው ደም ከጥፍሩ ጋር ወደ ፊት ስለሚገፋ በየወሩ የሚነሣ ፎቶ ይለየዋል።

እዚህ ላይ የሁለቱ ከተሞች ልማድ ይነሣል። ለሰርግና ለዒድ የሚቀባው ሂና ጥፍርንና ውስጥ እግርን ይሸፍናል፤ ምስሉንም ያሳስታል። እግርን አገላብጦ ለማየት ጥሩው ጊዜ ከመቀባት በፊት ነው።

ከዚህ ቀደም ሜላኖማ የያዛቸው፣ በቤተሰባቸው ያለባቸው፣ ከ100 በላይ ጥቁር ምልክት ያላቸውና የተለገሰ ኩላሊት ኖሯቸው የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች የበለጠ ያሰጋቸዋል። ለእነዚህ መላ ሰውነታቸው ፎቶ ይነሣና በየጊዜው ከአዲሱ ጋር ይነጻጸራል፤ አጠራጣሪ ምልክት በ3 ወር ይደገማል። አልቢኒዝም (በተፈጥሮ የቆዳ ቀለም ማጣት) ያለባቸውን ይበልጥ የሚያጠቋቸው ሌሎቹ የቆዳ ካንሰሮች ናቸው፤ ሜላኖማ ሲይዛቸውም ጥቁር ሳይሆን ሮዝ ሊመስል ስለሚችል ቀለም ብቻ መፈለግ አይበቃም።

ምስል ጥርጣሬን ያጠናክራል እንጂ አይፈርድም፤ የሚፈርደው ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ናሙና ነው። በፎቶ ብቻ እንለያለን የሚሉት የኮምፒውተር ፕሮግራሞችም በአብዛኛው የሠለጠኑት በነጭ ቆዳ ምስል ነው።

ከሐረር ብዙ በማይርቀው ቢሲዲሞ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ተብሎ የተቋቋመ ሆስፒታል አለ። የሥጋ ደዌ ሕሙማን ስሜት ያጣ እግራቸውን በየቀኑ እንዲፈትሹ ይመከራሉ፤ ይኸው ልማድ ሜላኖማን ቀድሞ ለመለየትም ያገለግላል። ፎቶ ለሐኪም የሚልክ ሰው እግሩን ታጥቦ፣ በቀን ብርሃን፣ ከምልክቱ አጠገብ ማስመሪያ አስቀምጦ ቢያነሣ መጠኑ በትክክል ይታያል።