ኢንተርፌሮን የሚያመርቱ የሰው ሴል ላይኖች፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ኢንተርፌሮን በቫይረስ የተጠቃ ህዋስ ሠርቶ ወደ ውጭ የሚለቀው ፕሮቲን ነው። የለቀቀው ህዋስ ራሱ ላይተርፍ ይችላል። በዙሪያው ያሉት ግን ሌባ ገባ ሲባል እንደሰማ ሰፈር ቫይረሱ ሳይደርስባቸው በራቸውን ይዘጋሉ። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ኢንተርፌሮንን ላብራቶሪ ውስጥ በሚያመርቱ የሰው በሽታ ተከላካይ ህዋሳት ላይ ነው። በተለይ ሴል ላይን የሚባሉትን ይመለከታል። እነዚህ ከአንድ ሰው ተወስደው ከሰውነት ውጭ ሳያቋርጡ እየተባዙ የሚኖሩ ህዋሳት ናቸው። እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ ከ1957 ይጀምራል። ለንደን፣ ሚል ሂል በነበረው ብሔራዊ የሕክምና ምርምር ተቋም አሊክ አይዛክስ እና ዣን ሊንደንማን በሙቀት የተገደለ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በዶሮ ፅንስ ሽፋን ላይ ጨመሩ። ከሽፋኑ የወጣው ፈሳሽ ሌሎች ህዋሳትን ከቫይረስ ሲጠብቅ አዩ። ስሙንም ያወጡለት እነሱ ናቸው። ይሁን እንጂ ጃፓናውያኑ ያሱኢቺ ናጋኖ እና ያሱሂኮ ኮጂማ በ1954 ቫይረስን የሚያግድ ተመሳሳይ ነገር እንዳገኙ ጽፈው ነበር። ቀዳሚው ማን ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ የለየለት አይመስልም።

የሰው ነጭ የደም ህዋሳት ሴንዳይ በተባለ የአይጥ ቫይረስ ሲነኩ ኢንተርፌሮን እንደሚያመርቱ አዮን ግሬሰር በ1961 አሳየ። ነገሩን ወደ ምርት የቀየረው ግን ሄልሲንኪ የነበረው ካሪ ካንቴል ነው። ፊንላንዳውያን ለቀይ መስቀል ከለገሱት ደም ላይ ነጩን ክፍል ወሰደ፣ ሴንዳይ ቫይረስ ጨመረበት፣ በማግስቱ የወጣውን ፈሳሽ ሰበሰበ። በ1970ዎቹ በዓለም ላይ ለሕክምና ሙከራ የዋለው አብዛኛው ኢንተርፌሮን የመጣው ከዚህ ሥራ ነው። ያኔ ከተጣራ በኋላ እንኳን ንጹሑ ኢንተርፌሮን ከጠቅላላው ፕሮቲን 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ሌላም ችግር ነበር። ከደም የተወሰዱ ህዋሳት አይባዙም። አንዴ ካመረቱ በቃ፣ ሌላ ለጋሽ መፈለግ ነው።

መፍትሔው የመጣው ከምሥራቅ አፍሪካ ነው፤ ይህ ደግሞ ከሚገባው በታች ይነገራል። ዴኒስ በርኪት የተባለ ሐኪም በ1958 ኡጋንዳ ውስጥ በሕፃናት መንጋጋ ላይ የሚወጣ ካንሰር በጽሑፍ አሳወቀ። ካንሰሩ ዛሬ የበርኪት ሊምፎማ ይባላል። እንዲህ ያለ ዕጢ ከነበረበት ኡጋንዳዊ ሕፃን የተወሰዱ ህዋሳት ናማልዋ የተባለው ሴል ላይን ሆኑ። በ1975 ተመራማሪዎቹ ስትራንደር፣ ሞገንሰን እና ካንቴል የተለያዩ ሴል ላይኖችን በሴንዳይ ቫይረስ ሲፈትኑ ናማልዋ ጎልቶ ወጣ። ከዚያ እንግሊዝ፣ ቤክንሃም በነበረው የዌልካም ላብራቶሪ ኖርማን ፊንተርና ባልደረቦቹ ህዋሳቱን በትልልቅ የብረት ጋኖች ውስጥ ማርባት ጀመሩ። የጋኖቹ መጠን እስከ 8,000 ሊትር ደረሰ። የአንድ ሕፃን ህዋሳት እዚህ መድረሳቸው በእውነት የሚያስደንቅ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ህዋሳቱ ፈሳሽ ውስጥ ተንሳፍፈው ይባዛሉ። ሶዲየም ቡቲሬት ይጨመርባቸዋል፤ ይህ ብዜታቸውን ገትቶ ምርቱን በእጅጉ ከፍ ያደርገዋል። ቀጥሎ ሴንዳይ ቫይረስ ይጨመራል። በመጨረሻ የወጣው ፈሳሽ ይጣራል፣ የቀረ ቫይረስም እንዲሞት ይደረጋል። ዌልፌሮን የተባለው መድኃኒት የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። በውስጡ የነበረው አንድ ዓይነት ሳይሆን አልፋ ከሚባለው የኢንተርፌሮን ቤተሰብ የብዙዎች ድብልቅ ነው። ናማልዋ ቤታ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ኢንተርፌሮንም በጥቂቱ ያመርታል።

ሥራው ግን ስጋት አላጣውም። ናማልዋ የካንሰር ህዋስ ነው። በውስጡም ከካንሰር ጋር የሚያያዘው የኤፕስታይን ባር ቫይረስ ጂኖች አሉ፣ ምንም እንኳን ቫይረሱን ባያመርትም። ከካንሰር ህዋስ የወጣ ነገር ሰው ይወጋ ወይ ብለው ብዙዎች ጠየቁ፤ ጥያቄው ተገቢ ነበር። አምራቾቹ የህዋሱ ዲ ኤን ኤ ከመድኃኒቱ መወገዱን ማሳየት ነበረባቸው። ዛሬ ከእንስሳትና ከሰው ሴል ላይኖች ለሚሠሩ ብዙ መድኃኒቶች መንገድ የጠረገው ይህ ጥንቃቄ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሴንዳይ ቫይረስ ለምን ተመረጠ? የአይጥ ቫይረስ በመሆኑ ሰውን አያሳምምም። በካንቴል ስም የሚጠራው ዝርያው ደግሞ ጎዶሎ የቫይረስ ጂኖም (የዘር መረጃ) የበዛበት ነው፤ የዚህ ቫይረስ ጂኖም ከአር ኤን ኤ የተሠራ ነው። እነዚህ ጎዶሎ አር ኤን ኤዎች ተጣጥፈው ድርብ ይሆናሉ። ህዋሱ ውስጥ ሪግ አይ የተባለው ፕሮቲን ይህን ድርብ አር ኤን ኤ ያውቃል። ምልክቱ አይ አር ኤፍ 3 እና አይ አር ኤፍ 7 ወደሚባሉ ፕሮቲኖች ይተላለፋል፤ እነሱም የኢንተርፌሮን ጂኖችን ይቀሰቅሳሉ። የወጣው ኢንተርፌሮን ተመልሶ ህዋሱን ሲነካ አይ አር ኤፍ 7 ይበዛል፣ ምርቱም ይጨምራል። ካንቴል ከቫይረሱ በፊት ትንሽ ኢንተርፌሮን መጨመር ምርት እንደሚያበዛ በተግባር ተጠቅሞበት ነበር። ምክንያቱ የተብራራው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

በ1980 የቻርልስ ቫይስማን ቡድን ዙሪክ ላይ የአልፋ ኢንተርፌሮን ጂን ወደ ባክቴሪያ አስገባ። በ1986 አሜሪካ በዚህ መንገድ የተሠሩ መድኃኒቶችን ፈቀደች። ባክቴሪያ ርካሽና ፈጣን ስለሆነ የሴል ላይን ምርት ቀስ በቀስ ቦታውን ለቀቀ። ከሴል ላይን የሚገኘው የተፈጥሮ ድብልቅ ከባክቴሪያ ከሚገኘው አንድ ዓይነት ይሻላል የሚሉ አሉ። በሕክምና ውጤት ልዩነቱ ያን ያህል ግልጽ ሆኖ አልወጣም፤ ሆኖም ድብልቁ ሰውነት ራሱ ለሚሠራው ይበልጥ እንደሚቀርብ አያጠራጥርም።

ሌሎቹ ሴል ላይኖች በምርት ሳይሆን በምርምር ይታወቃሉ። ከኬንያ የተገኘው ዳውዲ ለኢንተርፌሮን እጅግ ስሱ ነው፤ ጥቂት ሲነካው መባዛቱን ያቆማል። ከአንድ ጃፓናዊ ሕፃን የተገኘውና በ1980 የተዋወቀው ቲ ኤች ፒ 1 ሞኖሳይት የተባለውን ነጭ የደም ህዋስ ስለሚመስል ቫይረስ እንዴት እንደሚታወቅ ለማጥናት ይመረጣል። ኬ 562 በተቃራኒው የአልፋና የቤታ ኢንተርፌሮን ጂኖቹ ጠፍተውበታል። ስለዚህ ቫይረስ ቢጨመርበትም እነዚህን አያመርትም። ውጤት ከማንበብ በፊት የትኛው ሴል ላይን እንደሆነ መጠየቅ የግድ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ቫይረሱም ዝም ብሎ አይመታም። የኢንፍሉዌንዛ ኤን ኤስ 1 እና የኢቦላ ቪ ፒ 35 ፕሮቲኖች የማንቂያ ምልክቱን ያፍናሉ። ኤን ኤስ 1 እንዲጎድለው የተደረገ ኢንፍሉዌንዛ ብዙ ኢንተርፌሮን ያስመርታል።

በሰው ደም ውስጥ ዋናው የአልፋ ኢንተርፌሮን አምራች ፕላዝማሳይቶይድ ዴንድሪቲክ የሚባለው ህዋስ ነው። በ1999 ማንነቱ በግልጽ ታወቀ። ከደም ነጭ ህዋሳት 1 በመቶ እንኳን አይሞላም፤ ከሰውነት ውጭም ቶሎ ይሞታል። ከዚህ ህዋስ ዓይነት ካንሰር ጃፓን ውስጥ የተገኘው ካል 1 የተባለው ሴል ላይን ለጥናት ይጠቅማል፣ በአልፋ ኢንተርፌሮን ምርት ግን ከደም የወጣውን ህዋስ አይስተካከልም።