የማይንክራፍት የጋራ ሰርቨር፦ አቋቋሙና አስተዳደሩ

ማይንክራፍት ተጫዋቾች ብሎክ የሚባሉ ኩቦችን እየቆፈሩና እየደረደሩ ዓለም የሚገነቡበት የኮምፒውተር ጌም ነው። የማይንክራፍት የጋራ ሰርቨር አንድ የተጫዋቾች ቡድን ራሱ አቁሞ፣ ራሱ ሕግ አውጥቶና ወጪውን ራሱ ሸፍኖ የሚጫወትበት ዓለም ነው። ተጫዋቾቹ ከየቤታቸው፣ አንዳንዴም ከየአገሩ፣ ወደ አንድ ኮምፒውተር ይገናኛሉ። ያ ኮምፒውተር የዓለሙን ሁኔታ ይይዛል፤ አንዱ የቆፈረውን፣ ሌላው የገነባውንና ሦስተኛው ያፈረሰውን ለሁሉም ያሳያል። ሰርቨሩን ማስነሳት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ከባዱ ሥራ ዓመት ማዝለቁ ነው፤ ይህም ከኮምፒውተር ዕውቀት ይልቅ የአስተዳደር ችሎታን ይጠይቃል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

አመጣጡ

ስዊድናዊው ማርኩስ ፐርሰን ማይንክራፍትን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያቀረበው በሜይ 2009 ሲሆን የተሟላው ጌም የወጣው በኖቬምበር 2011 ነው። በ2014 ማይክሮሶፍት አሳታሚውን ሞያንግን በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2023 ደግሞ ከ300 ሚሊዮን በላይ ቅጂ መሸጡ ተገለጸ። ለእኛ ርዕስ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው የሰርቨሩ ፕሮግራም በነጻ የሚወርድ መሆኑ ነው። በርካታ የዘመኑ ጌሞች ሰርቨራቸው በኩባንያው እጅ ብቻ ስለሆነ፣ ኩባንያው የዘጋው ዕለት ጨዋታው አበቃ ማለት ነው። ማይንክራፍት ላይ ግን ዓለሙ ያለበት ፎልደር ሰርቨሩን ባቆመው ሰው እጅ ይቀመጣል፤ ይገለበጣል፣ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል፣ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

በዚህ ነጻነት የተነሳ እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ሰርቨሮች ተፈጥረዋል። በ2013 የተከፈተው ሃይፒክስል በ2021 በአንድ ጊዜ ከ200,000 በላይ ተጫዋቾችን አስተናግዷል፤ ይህ እንግዲህ ከሰርቨርነት አልፎ ኩባንያ ሆኗል። ከ2010 ጀምሮ ያለው 2ቢ2ቲ ደግሞ ሕግ የሚባል ነገር የለውም፤ ዓለሙም ከዚያ ወዲህ ተሰርዞ አያውቅም። አዲስ ገቢ የሚጠብቀው ዓመታት ሙሉ የተቆፈረ፣ የተቃጠለና ምግብ የማይገኝበት ሜዳ ነው፤ የሚወዱትም ለዚሁ ሲሉ ነው። ድንበር የለሽ ጋዜጠኞች የተባለው ድርጅት በበኩሉ በማርች 2020 አንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት በማይንክራፍት ሰርቨር ላይ አስገንብቶ፣ እንደ ሩሲያ፣ ግብፅና ሳዑዲ ዓረቢያ ባሉ አገሮች የታገዱ ጽሑፎችን በጨዋታው መጻሕፍት ውስጥ አስቀምጧል።

ለተራ ማኅበረሰብ ምሳሌ መሆን የሚገባው ግን ኦትክራፍት ይመስለኛል። ራሱም ኦቲዝም ያለበት፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅም አባት የሆነው ካናዳዊው ስቱዋርት ደንካን በ2013 የከፈተው፣ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በክፍት ሰርቨሮች ላይ እየተሰደቡና ቤታቸው እየፈረሰባቸው መቸገራቸውን ከወላጆች ሰምቶ ነው። እዚያ ለመግባት ማመልከት ያስፈልጋል። የተቀሩት ሕጎች ሁሉ ሰርቨሩ ለማን እንደተከፈተ ከሚናገረው ከዚያ አንድ ውሳኔ የወጡ ናቸው። ይህን ጥያቄ ሳይመልስ ስለ ፕለጊን (በሰርቨሩ ላይ ስለሚጨመሩ ትናንሽ ፕሮግራሞች) እና ስለ ራም (ስለ ኮምፒውተሩ የሥራ ማህደረ ትውስታ) መከራከር የጀመረ ቡድን፣ ሁለተኛው ወር ላይ አንዱ መዋጋት ሌላው በሰላም መገንባት እንደሚፈልግ ሲያውቅ መለያየቱ አይቀርም።

የት ይቁም?

ምርጫው ሦስት ነው። አንደኛው የሞያንግ የራሱ የኪራይ አገልግሎት ሪልምስ ነው፤ በወር ክፍያ ባለቤቱና እስከ 10 ጓደኞቹ ይጫወቱበታል። ምንም ቴክኒክ አይጠይቅም፣ በምትኩ ብዙ ነገር መለወጥ አይቻልም። ሁለተኛው ቤት ያለ ኮምፒውተር ነው። ለዚህ ከራውተሩ ላይ 25565 የተባለውን ፖርት (ከውጭ የሚመጣ ግንኙነት የሚገባበትን በር) መክፈት ያስፈልጋል፤ ይህም የሚሠራው ቤቱ የራሱ የሆነ ለውጭ የሚታይ አይፒ አድራሻ ካለው ነው። በሞባይል ኔትወርክ የሚገናኝ ሰው ብዙውን ጊዜ አንድን አድራሻ ከብዙ ደንበኞች ጋር ስለሚጋራ ፖርት ከፍቶ እንግዳ መቀበል አይችልም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈርማ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። ሦስተኛውና የተለመደው መንገድ ከሆስቲንግ ድርጅት፣ ማለትም ሰርቨር ከሚያከራይ ኩባንያ፣ ቦታ መከራየት ነው።

ሲከራዩ ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ራም ነው። ለአሥር ያህል ሰው 4 ጊጋባይት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ከዚያ ይልቅ መታየት ያለበት የፕሮሰሰሩ የአንድ ኮር (በውስጡ ካሉት የስሌት ክፍሎች የአንዱ) ፍጥነት ነው፤ ምክንያቱም ጨዋታው የዓለሙን ሥራ በአብዛኛው በአንድ ኮር ላይ ነው የሚያስኬደው። ዓለሙ በሰከንድ 20 ጊዜ ይታደሳል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዙር ያለው ጊዜ 50 ሚሊሰከንድ ነው። እንስሳው፣ ውሃው፣ ሰብሉና ተጫዋቾች የሠሩት ማሽን ሁሉ ተሰልቶ ከዚያ ካለፈ ዓለሙ መንቀርፈፍ ይጀምራል፤ ተጫዋቾች ላግ የሚሉት አንደኛው ዓይነት ይህ ነው። አንድ ሰው አጥር ውስጥ ያጎራቸው ሦስት መቶ ዶሮዎች የመላውን ሰርቨር ጨዋታ ሊያበላሹ ይችላሉ። ብዙ ሰርቨሮች የእንስሳት ቁጥር የሚወስን ሕግ ያላቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለአዲስ ገቢ የሚያስቅ ሕግ መምሰሉ አይቀርም።

ሌላው የላግ ዓይነት ከርቀት ይመጣል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በአየር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ደርሶ መልሱ ብቻ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች ሊሆን አይችልም። ገመዱ በጂቡቲና በቀይ ባሕር ዞሮ ስለሚሄድ በተግባር ከዚያ በደንብ ይበልጣል። ለመገንባትና ለማረስ ይህ ችግር አይደለም፤ በሰይፍ ለሚፋለም ግን ነው። አዲስ አበባ፣ ዱባይና ዋሽንግተን ያሉ ጓደኛሞች አንድ ሰርቨር ላይ ሲገናኙ አውሮፓ መሐል ሆና ለሁሉም ትመቻለች። ሰዓቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በበጋቸው ገና ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፣ ያም የሥራ ወይም የትምህርት ሰዓት ነው። የጋራ ግንባታ በቅዳሜና እሑድ ካልተቀጠረ በቀር አይሆንም።

ስልክ ያላቸውንም ማሰብ ያስፈልጋል። ማይንክራፍት ሁለት ዓይነት ነው፤ ጃቫ ኤዲሽን ለኮምፒውተር፣ ቤድሮክ ኤዲሽን ደግሞ ለስልክና ለፕሌይስቴሽን ጭምር። ሁለቱ በቀጥታ አይገናኙም። ጋይዘር የተባለው ነጻ ፕሮግራም መሐል ገብቶ የቤድሮክ ተጫዋቾችን ወደ ጃቫ ሰርቨር ያስገባል። አብዛኛው ሰው ኢንተርኔት የሚያገኘው በስልኩ በሆነበት አገር ይህን አለመጫን ግማሹን ጓደኛ ደጅ መተው ነው።

ሶፍትዌሩና የቡኪት ትምህርት

የሞያንግ ፕሮግራም እንዳለ ሆኖ፣ አብዛኞቹ የጋራ ሰርቨሮች ፕለጊን የሚቀበሉ ሌሎች ስሪቶችን ይጠቀማሉ። በዛሬው ጊዜ ታዋቂው ፔፐር ነው። ፔፐር ከስፒጎት፣ ስፒጎት ከቡኪት የተወለዱ ሲሆን የቡኪት አወዳደቅ መተረክ ያለበት ነው። በበጎ ፈቃደኞች የተጻፈው ቡኪት ለዓመታት የብዙ ሰርቨሮች መሠረት ነበር። በ2014 መሪዎቹ ሥራውን ለማቆም ሲወስኑ፣ ሞያንግ ከ2012 ጀምሮ ፕሮጀክቱ የእኔ ነው ብሎ ብቅ አለ። ኮዱን በነጻ ካዋጡት አንዱ ያን ጊዜ የቅጂ መብት አቤቱታ አቀረበ፣ ፕሮግራሙም ከማውረጃ ቦታዎች ተነሣ። ስፒጎት የተረፈው እያንዳንዱ ሰው ፕሮግራሙን በራሱ ኮምፒውተር ላይ እንዲያዘጋጅ የሚያደርግ ዘዴ በማውጣቱ ነው። ሥራው የማን እንደሆነ አስቀድሞ ያልተነጋገረ ቡድን ኮድም ይጻፍ ሕንጻም ይገንባ ዕጣው ተመሳሳይ ነው።

ደኅንነትን በተመለከተ የዋይትሊስት፣ ማለትም የተፈቀደላቸው ሰዎች ዝርዝር፣ ከሁሉም የሚቀድም ነው። ኦንላይን ሞድ የሚባለውን፣ የገባው ሰው በእርግጥ የአካውንቱ ባለቤት መሆኑን የሚያጣራ ማረጋገጫ ማጥፋት ደግሞ ከተለመዱት ስህተቶች የከፋው ነው። ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ በማይገኝበት አገር ጌሙን ያልገዛ ጓደኛ ለማስገባት ሲባል ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ማንም ሰው የአስተዳዳሪውን ስም ጽፎ እንደ አስተዳዳሪ መግባት ይችላል። ግድ ከሆነ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ፕለጊን መጨመር ያስፈልጋል።

ትናንሽ ሰርቨሮች ትልቅ አደጋ እንደማይነካቸው ማሰብም ልክ አይደለም። በዲሴምበር 2021 በሎግ4ጄ፣ ብዙ ፕሮግራሞች መዝገብ ለመያዝ በሚጠቀሙበት ኮድ፣ የተገኘው የደኅንነት ቀዳዳ ማይንክራፍትንም ነክቶ ነበር፤ በቻት ላይ አንድ መስመር የጻፈ ሰው ሰርቨሩን መቆጣጠር ይችል ነበር፣ ሞያንግም በዚያው ሰሞን ማስተካከያ አወጣ። በ2016 ደግሞ ሚራይ የተባለውን፣ የቤት ካሜራዎችንና ራውተሮችን አግቶ ሰርቨሮችን በግንኙነት ጥያቄ ጎርፍ የሚያጥለቀልቅ ፕሮግራም የሠሩት ሦስት ወጣት አሜሪካውያን ዒላማ ካደረጓቸው መካከል የማይንክራፍት ሰርቨሮች ይገኙ ነበር። አንደኛው ከእንዲህ ያለ ጥቃት እከላከላለሁ የሚል ድርጅት ነበረው። ፕሮግራሙ ይፋ ከወጣ በኋላ በኦክቶበር 2016 በተካሄደ ጥቃት ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉት ለሰዓታት ተቋርጠዋል።

ሥልጣን

ሰርቨር ሲፈርስ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ነው። ጥፋቱም የሚጀምረው በደግነት ነው፤ ባለቤቱ የቅርብ ጓደኛውን «ኦፕ» (ኦፕሬተር፣ ማለትም የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያለው) ያደርገዋል። ጨዋታው ለኦፕ አራት የሥልጣን ደረጃዎች ያሉት ሲሆን በቀጥታ የሚሰጠው ካልተቀየረ አራተኛው ነው። ይኸኛው ዕቃ ከምንም መፍጠርን፣ ሰው ማባረርንና ሰርቨሩን ጭምር ማጥፋትን ያጠቃልላል። ጓደኛው ክፋት ሳይኖርበት ለራሱ ጥቂት ዳይመንድ ይወስዳል፤ ሳምንታት ሲቆፍሩ የከረሙት ያውቁበታል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ስለማንም ቤት «ይህንስ በላቡ ነው የሠራው?» ማለቱን አይተውም።

መፍትሔው ሥልጣንን መቆራረስ ነው። ለክፐርምስ የተባለው ፕለጊን ለእያንዳንዱ ቡድን የተወሰነ ፈቃድ ብቻ እንዲሰጥ ያስችላል፤ ሞደሬተር (ሥነ ሥርዓት አስከባሪ) ዝም ማሰኘትና ለጊዜው ማስወጣት ይችላል፣ ዕቃ መፍጠር ግን አይችልም። ጠንቃቃ ሰርቨሮች አስተዳዳሪው ሲጫወት የሚጠቀምበትን አካውንት ከሚያስተዳድርበት ይለያሉ። ኮርፕሮቴክት ደግሞ እያንዳንዱን ብሎክ ማን እንዳስቀመጠና ማን እንዳነሣ ይመዘግባል፤ ቤቱ የፈረሰበት ሰው ሲያመለክት አፍራሹን በስሙና በሰዓቱ ማወቅ፣ የፈረሰውንም መመለስ ይቻላል። ክርክሩ ያኔ ከ«እሱ ነው፣ አይደለም» ይወጣል። በእኔ ግምት ከየትኛውም ጌጠኛ ፕለጊን በፊት መጫን ያለበት ይህ ነው።

ሕጉ አጭር ቢሆን ይሻላል፣ ይግባኝ ግን ሊኖረው ይገባል። የተባረረ ሰው ያባረረው ሳይሆን ሌላ ሞደሬተር ጉዳዩን ቢያይለት ቂሙ ይቀንሳል። ልጆች ባሉበት ሰርቨር ደግሞ አዋቂና ልጅ በግል እንዳይጻጻፉ የሚከለክል መስመር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መጻፍ አለበት፤ ነገር ከተፈጠረ በኋላ የሚወጣ ሕግ ለማንም አይደርስም።

ገንዘብ

ሞያንግ በ2014 ባጸናው ደንብ መሠረት ሰርቨር መግቢያ ማስከፈልና መዋጮ መቀበል ይቻላል፤ ከፋዩን በጨዋታው ከሌላው የሚያስበልጥ ነገር መሸጥ ግን ተከልክሏል። ለጌጥ የሚሆን ኮፍያ ይሸጣል፣ የተሻለ ሰይፍ አይሸጥም። ለትንሽ ቡድን የሚበጀው እንደ እድር በየወሩ እኩል ማዋጣትና የተሰበሰበውንና የወጣውን ለሁሉም ማሳየት ነው። ጣጣው ካርዱ የማን እንደሆነ ላይ ነው። በዶላር የሚከፈለው ኪራይ ውጭ ባለ አንድ አባል ካርድ ላይ ይውልና፣ ያ ሰው ሥራ ሲበዛበት ወይም ሲኮርፍ ዓለሙ አብሮት ይዘጋል።

ባክአፕ፣ አዲስ ዓለምና ርክክብ

ስለዚህ የሆስቲንጉ አካውንት፣ የዶሜይን ስሙ (የሰርቨሩ አድራሻ) እና ቡድኑ የሚነጋገርበት የዲስኮርድ ቻት ባለቤትነት በአንድ ሰው እጅ ብቻ መሆን የለባቸውም። ባክአፑም (የዓለሙ መጠባበቂያ ቅጂ) ሰርቨሩ ባለበት ድርጅት ዘንድ ብቻ ከተቀመጠ ባክአፕ አይባልም። ሲገለበጥ መጀመሪያ ጨዋታው በዲስኩ ላይ መጻፉን ለጊዜው እንዲያቆም ማዘዝ፣ ያልተጻፈውን ማስጻፍ፣ ገልብጦ ሲያበቃ እንዲቀጥል ማድረግ ነው፤ ካልሆነ ግማሽ የተጻፈ ፋይል ይያዛል። ከዚያ አልፎ አልፎ ባክአፑን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ መሞከር ያስፈልጋል።

ትልቁ ጭቅጭቅ አዲስ ስሪት ሲወጣ ይመጣል። በኖቬምበር 2021 የወጣው 1.18 ተራሮችንና ዋሻዎችን ሙሉ በሙሉ ሲለውጥ፣ አዲሱ መልክዓ ምድር በዋናነት የሚታየው ማንም ባልደረሰበት ቦታ ነበር። ግማሹ አዲስ ዓለም ይከፈት ይላል፣ ግማሹ ሁለት ዓመት የለፋበትን ከተማ አይለቅም። የሚሠራው ስምምነት የአሮጌውን ዓለም ድንበር አስቀድሞ ጠባብ አድርጎ ማቆየትና ስሪቱ ሲመጣ ማስፋት ነው፤ ከድንበሩ ውጭ ያለው በአዲሱ ሕግ ይፈጠራል።

አዲስ ዓለም ከተመረጠ ወይም ሰርቨሩ ከተዘጋ፣ የአሮጌውን ፎልደር ለአባላቱ ማውረድ የሚቻል ማድረግ የተለመደ ነው። ማንም ሰው ብቻውን ከፍቶ የሠራውን ቤት ማየት ይችላል። የፕለጊኖቹና የሎግ ፎልደሮች ግን የተጫዋቾችን አይፒ አድራሻና የቻት መዝገብ ሊይዙ ስለሚችሉ ተለይተው ይቀራሉ።