የቮድቪል «መንጠቆ» ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሰማሁት። አንድ ተንታኝ በሬዲዮ ስለ አንድ ወጣት ኮሜዲያን ሲያወራ «በቮድቪል ጊዜ ቢሆን በመንጠቆ ጎትተው ያወርዱት ነበር፤ ያኔ ዳኛው ሕዝብ ነው» አለ። አቅራቢው ሳቀ። እኔ ሻዬን አስቀምጬ ከሬዲዮው ጋር መከራከር ጀመርኩ። ይቺን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማኋት መቁጠር ትቻለሁ። የቴአትር ታሪክ የሚያስተምር ሰው ልቡ የሚደርቀው እንዲህ ባለው ነገር ነው።

ቮድቪል ምን እንደሆነ ብዙ አላብራራም። ከ1880ዎቹ እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ በአንድ ትኬት ዘፋኝ፣ ቀልደኛ፣ አክሮባት፣ የሰለጠነ ውሻና አጭር ድራማ እየተፈራረቁ የሚታዩበት የመድረክ ዝግጅት ነው። «ቤት» ስል ቴአትር ቤቱን ማለቴ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መንጠቆው ጫፉ የቆለመመ ረጅም ዘንግ ነው። ከመጋረጃ ጀርባ ብቅ ይልና ያልተሳካለትን ሰው ይዞ ይጎትታል። አልነበረም አልልም፤ ነበር። ግን የአማተሮች ምሽት፣ ማለትም ባለሙያ ያልሆኑ ሰዎች መድረክ ላይ ዕድላቸውን የሚሞክሩበት ምሽት ዕቃ ነው። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ኒውዮርክ ባወሪ ሰፈር በነበረው የማይነር ቴአትር እንደተጀመረ ይተረካል። ለአማተር ምሽት የሚመጣው ተመልካች የሚመጣው አውቆ ሊስቅባቸው ነው። መጎተቱ ራሱ የትርኢቱ ክፍል ነበር። ውል ፈርሞ ለሳምንት የተቀጠረ ባለሙያ ግን በመንጠቆ አይጎተትም። እሱን የሚያወርደው ወረቀት ነው።

ወረቀቱ የሚጻፈው ሰኞ ነው። በቤንጃሚን ፍራንክሊን ኪዝና በአጋሩ በኤድዋርድ አልቢ ቤቶች አዲሱ ፕሮግራም የሚከፈተው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር። የቤቱ ሥራ አስኪያጅ ተቀምጦ ያያል። ስለ እያንዳንዱ ትርኢት ስንት ደቂቃ እንደፈጀ፣ ሙሉ መድረክ እንደያዘ ወይስ ከመጋረጃው ፊት ብቻ እንደተሠራ፣ ሕዝቡ እንዴት እንደተቀበለው፣ ምን እንደተቆረጠ ይጽፋል። ሪፖርቱ ለዋናው ቢሮ ይላካል። ከ1902 ጀምሮ ያሉት ጥራዞች ዛሬ በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ሥራ አስኪያጁ ግን የዋናውን ቢሮ መልስ አይጠብቅም። ከሰዓት በኋላ በሦስተኛ ተራ የወጣው ትርኢት ማታ ስድስተኛ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

«እሺ፣ እሱም ቢሆን የሚጽፈው ጭብጨባውን ሰምቶ አይደል?» ይለኛል ተንታኙ። እዚህ ላይ ነው የምንለያየው።

ድግስ አስቡ። እንግዳው ገና እየገባ፣ ወንበር እየተሳበ፣ ዶሮ ወጥ አይወጣም። መጀመሪያ ማስታጠቢያ ይዞራል። ለማስታጠቢያው ማንም አያጨበጭብም። ውሃው ካልመጣ ግን ማንም አይበላም። በትልቁ ቤት፣ ለምሳሌ በ1913 ኒውዮርክ ላይ በተከፈተው ፓላስ ቴአትር፣ አንድ ፕሮግራም ዘጠኝ ያህል ትርኢት ነበረው። መክፈቻው ብዙ ጊዜ ንግግር የሌለው ነው፤ አክሮባት ወይም እንስሳ። ዘግይቶ የሚገባ ሰው ሲንጫጫ የሚጠፋ ቃል የለማ። ሁለተኛው እንጀራ መዘርጋት ነው፤ ቤቱን ያሰክናል። እስከ እረፍቱ ድረስ እየጋለ ይሄዳል። ዶሮ ወጡ የሚወጣው ከመጨረሻው በፊት ባለው ቦታ ነው። ኮከቡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀልደኛ፣ እዚያ ይቆማል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ማስታጠቢያ ተመልሶ ይመጣል! መዝጊያው እንደገና አክሮባት ወይም እንስሳ ነው፣ ሰው ኮቱን እያነሳ የሚያየው። (የወጡ ቅደም ተከተል በየአገሩ ይለያያል፤ በዚህ አትጨቅጭቁኝ። ቡናውን የት እንደማስገባውም አላውቅም።)

እንግዲህ አጋፋሪው ማስታጠቢያውንና ዶሮውን በአንድ ሚዛን ይመዝናል? አይመዝንም። ሥራ አስኪያጁም እንደዚያው። መክፈቻው ላይ ቀዝቃዛ ጭብጨባ መጥፎ ዜና አይደለም። «ለቦታው ይበቃል» የሚል ዓይነት ፍርድ ያገኛል፣ ደሞዙም ያን ያህል ነው። በተቃራኒው አራተኛው ላይ ቤቱን በጭብጨባ ያናጋ ትርኢት ችግር ሊሆን ይችላል፤ አምስተኛውን ይገድለዋል። ስለዚህ ያዛውሩታል። የሚጠየቀው ስንት ሰው አጨበጨበ ሳይሆን፣ በዚህ ቦታ፣ በዚህ ደሞዝ፣ ከዚህኛው ቀጥሎ ሥራውን ሠራ ወይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ባትጠይቁኝም። ቦታ ሁልጊዜ ስለ ችሎታ አይናገርም። ቀልደኛ ከመጋረጃው ፊት ብቻውን ሲያወራ ከኋላው አናጢዎች ለሚቀጥለው ትርኢት የመድረክ ቤትና ደረጃ እያቆሙ ነው። አንዳንዱ እዚያ የገባው መዶሻውን የሚሸፍን ድምፅ ስለተፈለገ ነው። የቆየ ፕሮግራም ይዘው «ይሄ አራተኛ ነበር፣ ያ ሁለተኛ፣ ስለዚህ…» የሚሉ ተማሪዎቼን ሁሌም ስለ አናጢው እጠይቃቸዋለሁ።

ሕዝብ ዳኛ እንዳልነበር ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የብልግና ቀልድ ነው። ቤቱ በሳቅ ይናጋል፤ ሥራ አስኪያጁ ይቆርጠዋል። ኪዝ ቤቶቹን ሴቶችና ልጆች የሚገቡባቸው አድርጎ ነበር የሚሸጠው። ከመድረክ ጀርባ በተለጠፈ ማስታወቂያ «ስሎብ» (ዝርክርክ እንደማለት) እና «ሰን ኦፍ ኤ ገን» (ለስላሳ ስድብ) የሚሉት ቃላት ሳይቀር ተከልክለው ነበር። ዛሬ እነዚህ ማንንም አያስደነግጡም። ተጫዋቾቹ የኪዝን ሰርኪት፣ ማለትም የቴአትር ቤቶቹን ሰንሰለት፣ «ሰንበት ትምህርት ቤት» እያሉ ያሾፉበት ነበር። የሚቆረጠው ነገር ትእዛዝ በሰማያዊ ፖስታ ይደርስ እንደነበርም ይነገራል። በደንብ ያሳቀው መስመርም ቢሆን ይቆረጣል።

ተቃራኒውም አለ። በ1896 የቴአትር ባለቤቱ ኦስካር ሃመርስታይን በመጥፎ ትርኢታቸው የታወቁትን፣ ከአይዋ የመጡትን የቼሪ እህትማማቾች ኒውዮርክ ኦሊምፒያ ቴአትሩ ላይ አወጣቸው። ጥሩውን ሞክሬ አልሆነልኝም፣ አሁን መጥፎውን ልሞክር ብሎ እንደነበር ይወራል። ሰው አትክልት እየወረወረ ተቀበላቸው። ቤቱ ግን ሞላ። ሕዝብ ዳኛ ቢሆን በማግስቱ ይባረሩ ነበር። ለሥራ አስኪያጁ ግን ጎመኑ ሳይሆን የተሸጠው ትኬት ነው የሚቆጠረው። (እህቶቹ በኋላ በአገራቸው አንድ ጋዜጣ በጻፈው ትችት ክስ መሥርተው በ1901 የአይዋ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ደረሱ። ተሸነፉ። በአሜሪካ የትችት ነጻነት ሕግ ውስጥ እስከ ዛሬ ስማቸው ይነሳል።)

ጭብጨባውም ቢሆን ሁሉ ንጹሕ አይደለም። የሙዚቃ አሳታሚዎች ዘፈናቸው እንዲሸጥ ልጆች ቀጥረው ጋለሪ (ላይኛው ፎቅ) ላይ ያስቀምጡ ነበር። ልጁ አዝማቹን አብሮ ይዘፍናል፣ ያጨበጭባል፣ ጎረቤቱም ይከተለዋል። ተጫዋቹ በበኩሉ ጭብጨባው ሳይበርድ ቶሎ ተመልሶ እጅ ይነሳል፤ «የተሰረቀ እጅ መንሳት» ይሉታል። የሠለጠነ ጆሮ ይሄን ይለያል፤ ሬዲዮ ላይ ያለው ወዳጄ አይለይም።

ሕዝቡ ራሱም ይፈረድበት ነበር። በኪዝ ቤት የሚያፏጭ፣ እግሩን የሚያንኳኳ፣ በከዘራው ወለሉን የሚቀጠቅጥ ሰው እባክህ ተው የሚል በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ካርድ ይሰጠው ነበር። ደግሞስ የትኛው ሕዝብ? በብዙ ቤት ጥቁሮች የሚቀመጡት ላይኛው ጋለሪ ብቻ ነበር። ሥራ አስኪያጁ «ተመልካቹ ወደደው» ሲል የማንን ጆሮ ይዞ እንደጻፈ ሪፖርቱ አይነግረንም። ሪፖርቱን እንደ እውነት ግልባጭ የሚያነቡ ባልደረቦቼም ስላሉ ነው ይሄን የምለው። የአንድ ሰው የሰኞ ከሰዓት አስተያየት ነው። ሐሙስ ማታ ተጫዋቹ ምን ያህል እንደተሻለ አልተጻፈም።

የወረቀቱ ጉልበት ግን ከመንጠቆ ይብሳል። መንጠቆ ከአንድ መድረክ ያወርድሃል፤ ወረቀቱ ከብዙ። በ1906 ተጫዋቾችን ለቴአትር ቤቶች የሚመድበው ዩናይትድ ቡኪንግ ኦፊስ ሲቋቋም የኪዝና የተባባሪዎቹ ቤቶች ሥራ በአንድ ቢሮ በኩል መሰጠት ጀመረ፤ ቢሮውም ከተጫዋቹ ደሞዝ 5 በመቶ ይወስዳል። የተጫዋቾቹ ማኅበር ዋይት ራትስ በ1916 እና 1917 አድማ መታ፤ ተሸነፈ። አድመኞቹ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ገቡ። እና ሰኞ ማታ ቦታው ወደ ሁለተኛ የወረደበት ቀልደኛ ተናዶ ሻንጣውን ሊያነሳ ይችላል። አንስተው የሄዱም ነበሩ። ጥያቄው ማክሰኞ ጠዋት ሻንጣውን ይዞ የማንን በር እንደሚያንኳኳ ነው።