የሱዶኩ ጥንድ ምንድን ነው? ለምንስ ሃምሳ በሃምሳ አይባልም?

ከድሬዳዋም ከሐረርም ከባድ ሱዶኩ የሚፈቱ ሰዎች ሲወያዩ «ጥንድ» የሚለው ቃል ያለቦታው ሲገባ ሰሞኑን ደጋግሜ አየሁ። አንዱ ጥንድ ላይ ደርሻለሁ፣ ከዚህ በኋላ ሃምሳ በሃምሳ ስለሆነ አንዱን መሞከር ነው ይላል። ሌላው ደግሞ የከባድ ሱዶኩ መጨረሻ ግምት ነው፣ ሎጂክ የሚሠራው ለቀላሉ ነው ብሎ ያጸድቅለታል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ጥንድ ፈልገን የምንደክመው ግምትን ለማስቀረት ነውና ስህተቱ ከሥሩ መታየት አለበት።

ደንቡን በዝርዝር አላብራራም፤ በእያንዳንዱ ረድፍ፣ ዓምድና 3 በ 3 ሳጥን ከ1 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይገባሉ። ሦስቱንም በአንድ ስም ምድብ እላቸዋለሁ። ከ81ዱ እያንዳንዷን ቤት፣ በባዶ ቤት ጥግ በእርሳስ አሳንሰን የምንጽፈውን ቁጥር ደግሞ እጩ እላለሁ።

በአንድ ቤት 4 እና 7 ብቻ እጩ ሆነው ቢቀሩ ጥንድ አገኛችሁ ማለት አይደለም። ያ ሁለት እጩ ያለው ቤት ነው፣ በቃ። በአንድ ሳጥን ውስጥ 6 የሚገባባቸው ሁለት ቤቶች ብቻ ቢቀሩም ጥንድ አይባልም፤ ያ ሁለት ቦታ የቀረው ቁጥር ነው። በአሜሪካዊው የዓለም ሻምፒዮን በቶማስ ስናይደር ስም የሚጠራው የአጻጻፍ ዘዴ በመጀመሪያ በእርሳስ የሚያሰፍረው ይህን ሁለተኛውን ብቻ ነው፤ ግራ መጋባቱ በከፊል ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ጥንድ የሚኖረው በአንድ ምድብ ውስጥ ያሉ ሁለት ቤቶች ያንኑ ሁለት እጩ ብቻ ሲይዙ ነው። ሁለት ቁጥር፣ ሁለት ቤት፣ አንድ ምድብ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ጥንድ የለም፤ የምትሰርዙትም ነገር የለም።

የጀጎልን አምስት ጥንታዊ በሮች አስቡ፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። ኋላ ለመኪና የተከፈተውን እንተወው። አምስት ዘበኞች አሉ፤ ለእያንዳንዱ በር አንድ ሰው ይመደባል። ሁለቱ ዘበኞች ከሸዋ በርና ከቡዳ በር ሌላ አንጠብቅም ብለዋል። ማን የት እንደሚቆም ገና አልታወቀም። ሆኖም የቀሩት ሦስቱ ሸዋ በርን ወይም ቡዳ በርን ቢጠይቁ እንደማያገኙ አሁኑኑ መናገር ይቻላል። የሁለቱ ድልድል እስኪወሰን መጠበቅ አያስፈልግም፤ እንዴትም ቢወሰን ለሦስቱ መልሱ ያው ነው። ሃምሳ በሃምሳ የሚለው ሰው ዓይኑን ሁለቱ ዘበኞች ላይ ስለሚተክል ይህ ያመልጠዋል። ጥንድ የሚናገረው ስለ ሌሎቹ ነው።

ምሳሌውን ትንሽ ልግፋው። አሁን ደግሞ ሰንጋ በርንና ኤረር በርን ለመጠበቅ የፈቀዱት ሁለት ዘበኞች ብቻ ናቸው እንበል፤ እነዚሁ ሰዎች ግን ፈላና በርንም ሸዋ በርንም እንጠብቃለን ብለው ተመዝግበዋል። ሌላ ሰው የማይቆምባቸውን ሁለት በሮች ጥለው ወዴትም መሄድ ስለማይችሉ ፈላናና ሸዋ ከስማቸው አጠገብ ይሰረዛሉ። የመጀመሪያው ግልጽ ጥንድ፣ ይኸኛው የተደበቀ ጥንድ ነው። ሦስት ዘበኞች በጋራ ሁለት በር ብቻ ከመረጡስ? ድልድል የለም። ሱዶኩ ላይ ይህን ካያችሁ ከዚያ በፊት አንድ ቦታ ተሳስታችኋል።

ሒሳብ የተማረ ሰው ይህ የፊሊፕ ሆል ቴዎረም መሆኑን አሁን አውቆታል። እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው ይህ ቴዎረም እንደሚለው፣ የትኛውም የዘበኞች ቡድን በጋራ የሚፈቅዳቸው በሮች ከቡድኑ አባላት ካላነሱ ድልድል ይገኛል፤ ካነሱ አይገኝም። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ቴዎረሙ ድልድሉ መኖሩን ይናገራል እንጂ አንድ ብቻ መሆኑን አይናገርም። የበሮቹ ምሳሌም የሚያበቃው እዚሁ ነው። ሁለቱ ዘበኞች ቦታ ቢቀያየሩ ከተማው ይጠበቃል። የሱዶኩ ቤት ግን በረድፉም በዓምዱም በሳጥኑም ስለሚጠየቅ ከሁለቱ ድልድሎች ትክክሉ አንዱ ብቻ ነው፤ የትኛው እንደሆነም ቆየት ብሎ ሌላ ምድብ ይነግራችኋል።

በቁጥር እንየው። በአራተኛው ረድፍ በ2ኛው ዓምድ 3፣ በ5ኛው 8፣ በ9ኛው 1 ተሞልቷል። የጎደሉት 2፣ 4፣ 5፣ 6፣ 7 እና 9 ናቸው። ዓምዶቹና ሳጥኖቹ የሚከለክሉትን አስወግዳችሁ እጩዎቹን ስትጽፉ ይህን አገኛችሁ፦ 1ኛው ዓምድ 4 እና 7፤ 3ኛው 2፣ 4 እና 7፤ 4ኛው 4 እና 7፤ 6ኛው 2 እና 6፤ 7ኛው 5፣ 6 እና 9፤ 8ኛው 2፣ 5 እና 9። አንድ እጩ ብቻ ያለው ቤት የለም፤ አንድ ቦታ ብቻ የቀረው ቁጥርም የለም። ገማቹ 1ኛው ዓምድ ላይ 4 ጽፎ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው።

አያስፈልግም። 1ኛውና 4ኛው ዓምድ ላይ ያሉት ቤቶች 4ን እና 7ን ለራሳቸው ይዘዋል፤ ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች ከ3ኛው ይሰረዙና እሱ 2 ይሆናል። 2 ሲያዝ 6ኛው 6 ይሆናል። ያን ጊዜ 6 ከ7ኛው፣ 2 ከ8ኛው ይወጣል፤ ሁለቱ ቤቶች 5 እና 9 ብቻ ይዘው ይቀራሉ፤ ሌላ ጥንድ። ይህ ጥንድ ከረድፉ በተጨማሪ በአንድ ሳጥን ውስጥ ስላለ 5ን እና 9ን ከሳጥኑ ሌሎች ቤቶችም ትሰርዛላችሁ። ብዙ ሰው ይህን ሁለተኛ ስረዛ ይረሳዋል። የ4 እና የ7 ጥንድ ግን ሁለት ሳጥን ስለሚያቋርጥ ጉልበቱ በረድፉ ብቻ ነው። ከስድስቱ ቤቶች ሁለቱ ተሞልተዋል፤ 4 የት፣ 7 የት እንደሚገባ አሁንም አናውቅም፣ ማወቅም አላስፈለገንም።

ይህንኑ ረድፍ ከቀኝ በኩል ብትጀምሩትም እዚያው ትደርሳላችሁ። 5 እና 9 ከመጀመሪያውም የሚገቡት 7ኛውና 8ኛው ዓምድ ላይ ብቻ ነበር፤ የተደበቀ ጥንድ ነበሩ። ድንገተኛ ግጥጥም አይደለም። ስድስት ባዶ ቤት ባለበት ምድብ ሁለት ቤቶች ግልጽ ጥንድ ከሆኑ የቀሩት አራት ቁጥሮች የግድ በቀሩት አራት ቤቶች ተወስነዋል። የአንዱ ቡድን ግልጽነት የሌላው መደበቅ ነው። ስለዚህ ባዶው ቤት ቢበዛ እንኳ ከአራት የሚበልጥ ቡድን መፈለግ ፈጽሞ አያስፈልግም፤ አምስት ግልጽ ካለ ተቃራኒው አራት ወይም ከዚያ ያነሰ የተደበቀ ነው።

ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በእርሳሱ ላይ ነው። ከአንድ ቤት አንድ እጩ መጻፍ ከረሳችሁ የሌለ ጥንድ ይታያችኋል፤ ስህተቱም ወዲያው አይጮህም፤ ብዙ ቤት ከተሞላ በኋላ አንድ ምድብ ውስጥ ሁለት 9 ይዞ ብቅ ይላል። ጥንድ ፍለጋ ከመጀመራችሁ በፊት ቢያንስ የዚያ ምድብ እጩዎች ሙሉ ይሁኑ። ሦስትዮሽን፣ ማለትም በአንድ ምድብ ሦስት ቤቶች በጋራ ሦስት እጩ ብቻ የሚይዙበትን፣ ብዙዎች የሚያልፉት ደግሞ ሦስቱም ቤቶች ሦስቱንም ቁጥር መያዝ ያለባቸው ስለሚመስላቸው ነው። 2 እና 5፣ 5 እና 8፣ 2 እና 8 የያዙ ሦስት ቤቶች በአንድ ምድብ ካሉ ሙሉ ሦስትዮሽ ናቸው፤ 2፣ 5 እና 8 ከሌሎቹ ይሰረዛሉ።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር ልምጣ። አንድ አስተያየት ሰጪ መጨረሻ ላይ ሁሉም ባዶ ቤት ሁለት ሁለት እጩ ይዞ ይቀራል፣ ያኔ ከመገመት ሌላ መንገድ የለም ብሎ ነበር። ይህ ማስረጃ የሚቀርብበት ጉዳይ ነው፤ በአስተያየት አይፈታም። ሁሉም ባዶ ቤት በትክክል ሁለት እጩ ይዟል እንበል። አምስት ባዶ ቤት ባለበት ምድብ አምስት ቁጥር ጎድሏል፤ የተጻፉት እጩዎች ደግሞ አሥር ናቸው። ከአምስቱ አንዱ ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ ከታየ ቦታው ታውቋል፤ ሙሉት። እንዲህ ያለ ቁጥር በየትኛውም ምድብ ከሌለ እያንዳንዱ ቁጥር በየምድቡ በትክክል ሁለት ጊዜ ታይቷል ማለት ነው። አሁን አንድ መፍትሔ ቢገኝ፣ በእያንዳንዱ ቤት ያልተመረጠውን እጩ ጻፉ፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከሁለት ቦታው ሌላኛውን ይይዛል፣ ደንቡም አይጣስም። ያም መፍትሔ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሱዶኩ ወይ ከአንድ በላይ መፍትሔ አለው፣ ወይ ምንም የለውም። አንድ መፍትሔ ብቻ ያለው ሱዶኩ እዚያ ሁኔታ ላይ ሊደርስ አይችልም። አስተያየት ሰጪው እዚያ ደርሶ ከሆነ ወይ ግልጽ ቁጥር አልፎታል፣ ወይ ተሳስቶ ሰርዟል፣ ወይ ሱዶኩው ራሱ የተበላሸ ነው።

ጥንድ ሁሉን ይፈታል እያልኩ አይደለም። ፊንላንዳዊው አርቶ ኢንካላ የሚያዘጋጃቸው ዓይነት ሱዶኩዎች ጥንድና ሦስትዮሽ አልቀው ረጅም የምክንያት ሰንሰለት ይጠይቃሉ። «እዚህ 4 ቢሆን» ብሎ ጀምሮ እስከ ተቃርኖ መሄድ፣ ከዚያም 4ን መሰረዝ ንጹሕ ማስረጃ ነው፤ ግምት አልለውም። ግምት የሚሆነው ተቃርኖ ሳይገኝ ገጥሞ ሲያልቅ በዚያው መርካት ነው፤ ሌላኛው መንገድም ይገጥም እንደሆነ አልተመረመረምና። ኮምፒውተርም እየሞከረ ይፈታል የሚለው ክርክር እውነት ነው፤ በአግባቡ የተጻፈ ፕሮግራም ግን የመፍትሔውን ብቸኝነት ሲያረጋግጥ አንድ መፍትሔ ካገኘ በኋላም የቀሩትን መንገዶች ሁሉ ይፈትሻል።

አንድ መፍትሔ ብቻ መኖሩ በተረጋገጠበት ሱዶኩ፣ ሁሉም ባዶ ቤት ሁለት ሁለት እጩ የሚይዝበት ያ የማይቻል ሁኔታ ራሱ መሣሪያ ይሆናል። ከአንድ ቤት በስተቀር ሁሉም ሁለት እጩ ቀርቷቸው ያ አንዱ ሦስት ከያዘ፣ ከሦስቱ በረድፉም በዓምዱም በሳጥኑም ሦስት ሦስት ጊዜ የሚታየውን ቁጥር ፈልጉ። እሱ ካልገባ የቀረው ሁሉ ሁለት ሁለት ስለሚሆን መልሱ እሱ ነው። ይህን የምትጠቀሙት ግን ወረቀቱን ካመናችሁት ብቻ ነው። ፎቶ ኮፒ እየተደረገ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ወረቀት ላይ አንድ የደበዘዘ ቁጥር ከጠፋ ብቸኝነቱም ሊጠፋ ይችላል። መጀመሪያ የተሰጡትን ቁጥሮች ቁጠሩ፦ ከ17 ካነሱ መፍትሔው አንድ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ይህን እ.ኤ.አ. በ2012 በደብሊን በጋሪ ማክጋየር የተመራ ቡድን በኮምፒውተር ፍተሻ አረጋግጧል። 17 እና ከዚያ በላይ መሆን ግን ዋስትና አይሰጥም። ከ1 እስከ 9 ካሉት ሁለት ቁጥሮች ጭራሽ ካልተሰጡም፣ ሁለቱን በመላው ገበታ ማቀያየር ስለሚቻል ያ ወረቀት አንድ መፍትሔ የለውም፤ የተሟላ ቅጂ ፈልጉ።